የትኛው ጆከር ይጫንላችሁ?

ባሕር ዳር ውስጥ ፍላሹን ይዞ ፊልም መጫኛ ሱቅ የገባ ሰው «ጆከርን ጫንልኝ» ቢል፣ ሻጩ ቀና ብሎ «የትኛውን?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፊቱን ነጭ ቀብቶ፣ ጸጉሩን አረንጓዴ አድርጎ የባትማንን ከተማ የሚያምሰው ይህ ወንጀለኛ በየዘመኑ በተለያዩ ተዋናዮች ተሠርቷል። አንዱ ከልጆች ጋር ተሰብስበው የሚያዩት ነው፤ ሌላው ልጆች ከተኙ በኋላም በር ተዘግቶ የሚታይ ነው። ሳያጣሩ አስጭነው ቅዳሜ ማታ በአማቶቻቸው ፊት የሚሸማቀቁ ሰዎች ስለማይጠፉ ጆከሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ልመዝናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቅጂ መብቱ ነገር ራሱን የቻለ ክርክር ነውና እዚህ አልገባበትም።

መመዘኛዬ ሳቁ ነው። ጆከር በ1940 በባትማን መጽሔት የመጀመሪያ ዕትም ብቅ ሲል በወረቀት ላይ ነበርና ጥርሱ እንጂ ድምፁ አልነበረም። ያ ፈገግታ ራሱ በ1928 ከተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም፣ ኮንራድ ፋይት ከተባለ ጀርመናዊ ተዋናይ ፊት የተወሰደ ነው። ስለዚህ ሳቁን ማበጀት ለተዋናዮች የተተወ ሥራ ሆነ፤ ሥራቸው የሚለየውም እዚሁ ላይ ነው። የአንዱ ሳቅ ያስቃል፣ የሌላው ያስፈራል፣ የሦስተኛው አንጀት ይበላል።

ከዚህ በመነሳት አንድ ምክር አስቀድማለሁ። የትኛውንም ብትመርጡ «ትርጉም» የሚባለውን አታስጭኑ። አንድ ተራኪ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር በራሱ ድምፅ ሲያወርደው ለጦርነትና ለካራቴ ፊልም አይከፋም፤ እንዲያውም ጨዋታ ይጨምራል፣ እኔም ወዳጁ ነኝ። ጆከር ላይ ግን የከፈላችሁበትን ነገር ይሸፍነዋል። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ከሥር ጽሑፍ ያለበትን ጠይቁ።

ብዙ ሰው «ጆከር» ሲባል በልቡ የሚያስበው የሂዝ ሌጀርን ነው፤ የክሪስቶፈር ኖላንን «ዘ ዳርክ ናይት» (2008)። አይፈረድበትም። ሌጀር ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥር ወር፣ በ28 ዓመቱ አረፈ፤ በ2009 የምርጥ ረዳት ተዋናይ ኦስካር ሲሸለም ሽልማቱን የተቀበሉት ቤተሰቦቹ ናቸው። ሐዘኑ ለፊልሙ ዝና አልጨመረም ማለት አይቻልም። ሐዘኑን ወደ ጎን ብታደርጉት ግን ሥራው በራሱ እግር ይቆማል።

የወንጀለኞቹን ስብሰባ ልብ ብላችሁ እዩ። ሌጀር እየሳቀ የሚገባ ይመስላል፤ ግን ሳቅ አይደለም። «ሃ» እና «ሂ» የሚሉ ደረቅ ድምፆችን ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ሰው አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። ጠረጴዛው ላይ እርሳስ ያቆማል፤ ይህንን እርሳስ እሰውረዋለሁ ይላል። ቀጥሎ የሚሆነው ዓይን ሳይርገበገብ ያልቃል፤ ደም እንኳ አይታይም፤ ከዚያ በኋላ ግን ክፍሉ ውስጥ ያሉትም ሶፋ ላይ ያላችሁትም እኩል ጸጥ ትላላችሁ። ምላሱ የአፉን ጠባሳ ደጋግሞ ይዳስሳል፤ ነጩ ቀለም ግንባሩ ላይ ተሰነጣጥቋል። ጠባሳውን እንዴት እንዳገኘው ለአንዱ ሰው ስለ ሰካራም አባቱ፣ ለሌላዋ ስለ ሚስቱ እያነሳ ይተርካል፤ ሁለቱ ታሪኮች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሰውየው ከየት እንደመጣ ፊልሙ እስከ መጨረሻው አይነግረንም፤ የፍርሃቱም ምንጭ ይኸው ነው።

ለጣና ዳር ሰው ደግሞ የማብቂያው ክፍል ልዩ ነው። ሰው የሞላባቸው ሁለት ጀልባዎች በሌሊት ውኃ ላይ ሞተራቸው ጠፍቶ ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ጀልባ ያሉት ሰዎች የሌላኛውን ጀልባ ማፈንጃ ይዘዋል። በጎርጎራው ጀልባ ተጉዛ የምታውቅ አክስት ካለቻችሁ ይህንን ክፍል ከእርሷ ጋር እዩት፤ ከፊልሙ ይልቅ እርሷን ስትመለከቱ ትቆያላችሁ።

የዋኪን ፊኒክስ «ጆከር» (2019) ሌላ ዓይነት ዕቃ ነው። ባትማን የለበትም። መኪና ማሳደድ፣ ሕንፃ ማፍረስ የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡን ይቆጥብ። አርተር ፍሌክ የሚባል፣ ከታማሚ እናቱ ጋር የሚኖር፣ ሰው እያሳቀ ለመኖር የሚፍጨረጨር ምስኪን ቀስ በቀስ ነፍሰ ገዳይ ሲሆን የሚያሳይ ነው። ፊኒክስ ለዚህ ሲል ከ20 ኪሎ በላይ ቀንሷል፤ ሸሚዙን ሲያወልቅ የትከሻው አጥንት ከጀርባው ወጥቶ ይታያል።

ሳቁ በሽታ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከፊቱ የተቀመጠን ሕፃን ሊያጫውት ይሞክራል፤ እናትየው ልጄን አትረብሽብኝ ትለዋለች። ያን ጊዜ ሳቁ ይነሳበታል። ሊያስቆመው ይሞክራል፤ ጉሮሮውን ይይዛል፣ ያንቀዋል፣ ዓይኑ ግን ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ዓይን ነው። ከኪሱ አንዲት ካርድ አውጥቶ ይሰጣታል፤ ሕመም እንዳለበትና ሳቁ ከስሜቱ ጋር እንደማይገናኝ የሚገልጽ ጽሑፍ አለባት። ከአንድ ሰው ጉሮሮ ሳቅና ለቅሶ እንዲህ ተደባልቆ ሲወጣ በሌላ ፊልም ሰምቼ አላውቅም። የአይስላንዷ ሂልዱር ጉዶናዶቲር በቼሎ የሠራችው ሙዚቃ ከሥር ያጉረመርማል፤ በ2020 እርሷም ፊኒክስም ኦስካር ወስደዋል። ለአንድ ገጸ ባሕርይ ሁለት ተዋናዮች ኦስካር ማግኘታቸው እምብዛም ያልታየ ነገር ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳኝ ዘጌ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ ግድግዳውን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋጎች ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሌጀር በጎን የተሣለ ክፉ ነው፤ ሌላኛውን ዓይኑን ፈጽሞ አያሳየንም። ፊኒክስ ደግሞ ክፉውን ሰው ወደ እኛ አዙሮ ሁለት ዓይን ሰጠው። ፊልሙ ሲወጣ ለገዳይ ያዝናል ተብሎ የተነሳው ክርክር መሠረቱ ይህ ይመስለኛል። እኔ በክርክሩ ከፊኒክስ ጎን ነኝ፤ ደግሜ የማየው ግን ሌጀርን ነው። ፊኒክስን ደግሞ ማየት ጉልበት ይጠይቃል።

ጃክ ኒኮልሰን በቲም በርተን «ባትማን» (1989) በገዛ ሳቁ የሚደሰት ሰው ነው። ኬሚካል ውስጥ ወድቆ፣ ፊቱ በቀዶ ሕክምና ተበላሽቶ ፈገግታው አልታጠፍ ስላለው፣ ተቆጥቶም ይስቃል። ዘናጭ ነው፤ ሐምራዊ ሱፉን ለብሶ ከግብረ አበሮቹ ጋር በሙዚቃ እየጨፈረ ሙዚየም ይገባና ውድ ሥዕሎችን ቀለም ይደፋባቸዋል፤ አንዱን ብቻ ወድጄዋለሁ ብሎ ያስተርፈዋል። በማስታወቂያው ላይ ስሙ ከባትማኑ ከማይክል ኪተን ቀድሞ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፊልሙን ጠቅልሎ ወስዶታል። ጎረምሳ ልጆች ላሉበት ቤት ከሁሉም የሚስማማው ይህ ነው፤ በእጁ በደበቀው መሣሪያ አንድ ሰው ጨብጦ የሚያከስልበትን ትዕይንት ግን ለትንንሾቹ እለፉት።

ለትንንሾቹ ሴዛር ሮሜሮ አለላችሁ። ከ1966 እስከ 1968 በቴሌቪዥን በተላለፈው ተከታታይና በ1966ቱ ፊልም የሠራው ጆከር በቀጭን ድምፅ እየተንከተከተ የሚሮጥ ቀልደኛ ነው። ሮሜሮ ለሥራው ሲል ሪዙን ለመላጨት እምቢ ስላለ ነጩን ቀለም ከላዩ ቀቡት፤ ቴሌቪዥናችሁ ጥርት ያለ ከሆነ ሪዙ ከቀለሙ ሥር ይታያል። ልጆች ይህንን ሲደርሱበት ከታሪኩ በላይ ይደሰቱበታል።

ስለ ማርክ ሃሚል ሻጩም ላያነሳላችሁ ይችላል፤ ሥራው በካርቱን ስለሆነ። ይህ ስህተት ነው። በ«ስታር ዋርስ» ሉክ ስካይዎከርን የሠራው ሰው ከ1992 ጀምሮ ለጆከር ድምፁን ሲሰጥ፣ ለንዴት አንድ ሳቅ፣ ለድል ሌላ፣ ለፍርሃት ሌላ አበጀለት። የ1993ቱ «ማስክ ኦቭ ዘ ፋንታዝም» 76 ደቂቃ ብቻ ነው፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ ለማያውቅ ቤት ትልቅ ጥቅም ነው። በመመዘኛዬ፣ በሳቅ ብቻ ብለካ ሃሚል ከሌጀር ጎን ይቀመጣል።

ጃሬድ ሌቶ በ«ሱሳይድ ስኳድ» (2016) ግንባሩ ላይ ንቅሳት፣ አፉ ውስጥ የብረት ጥርስ አለው። ማስታወቂያው ላይ ገንኖ ፊልሙ ውስጥ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ሳቁም የተለማመደው እንጂ የመጣለት አይመስልም። ለእርሱ ብላችሁ አታስጭኑ። የ2022ቱ «ዘ ባትማን» ግሩም ፊልም ነው፤ ባሪ ኪዮጋን የሠራው ጆከር ግን መጨረሻ አካባቢ ከእስር ቤት ታይቶ ይጠፋል።

ፊኒክስን የወደደ ሰው የ2024ቱን ተከታይ መጠየቁ አይቀርም። ሌዲ ጋጋ አብራው ትሠራለች፣ ዘፈን ይበዛበታል፣ ገበያው ላይም ወድቋል። የእርሷ አድናቂ ካልሆናችሁ ቦታውን ለሃሚል ስጡት።

ሁለት ፊልም ብቻ የሚይዝ ቦታ ካላችሁ ሌጀርንና ኒኮልሰንን ውሰዱ፤ ብቻውን ማታ የሚያይ ሰው ኒኮልሰንን በፊኒክስ ይተካ። «ዘ ዳርክ ናይት» 152 ደቂቃ ስለሚረዝም በጥሩ ጥራት ሲጫን ከ4 ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች የሚያነቡት ፋት 32 የተባለው የፍላሽ አሠራር ደግሞ ከዚያ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ ፍላሹን ከመንቀላችሁ በፊት ሻጩ ፊልሙን መካከሉ ላይ ከፍቶ ድምፁን ያሰማችሁ፤ ተራኪው ከገባበት እዚያው አስቀይሩት።