ከየቦታው የተለቀመ ቮልስ አዲስ አበባ ላይ ሲገጠም

ከውጭ መጥታችሁ አሮጌ ቮልስ ለማስነሳት ካሰባችሁ መጀመሪያ ሊብሬውን እዩ። የኋላ ወንበሩን አንሥቶ መሐል ወለሉ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር፣ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ደግሞ የሞተሩን ቁጥር ማመሳከር ነው። ሞተር ቢቀየር ይመዘገባል፤ የሻንሲ ቁጥሩ የተፋቀ ግን በነፃም አይወሰድም።

የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ዕቃ አይጠፋም፤ ኮፈንና ፓራፋንጎ (ጎማውን የሚከልለው ላሜራ) እንደ ልብ ነው። ቴስታታ (የሲሊንደሩን ክዳን) ስትገዙ ግን በቤንዚን አሳጥባችሁ በካንዴላው ቀዳዳና በባልቦላው (በቫልቩ) መቀመጫ መሐል ያለውን ተመልከቱ። ፀጉር የምታህለው ስንጥቅ የምትደበቀው እዚያ ነው።

የእኛን ቮልስ የሠራው የባትላሜራ ሠራተኛ እጅ ግን ሌላ ነው። የተበላውን ወለል ከተራ ላሜራ ቆርጦ፣ የመጀመሪያውን ጎድጓዳ መስመር ሳይቀር ቀጥቅጦ አወጣው። እንደዚህ ያለ እጅ አሜሪካ ስንት እንደሚያስከፍል የሞከረ ያውቀዋል። ከበሩ ሥር ያለው የማሞቂያ ቦይ ሲቆረጥ በሮቹ ተገጥመው፣ ተዘግተው ይሁኑ፤ ተነቅለው ከተበየደ የመኪናው ወገብ ይሰበርና በሩ ከዚያ በኋላ አይገጥምም። ጉድጓድ መሙያው ስቱኮ ላይ ማንም አይሰስትም፣ ስለዚህ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ማግኔት ይዞ መዞር ነው፤ የማይዝበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ ነው።

ቅሬታችን ሞተሩን በገጠመው ጋራዥ ላይ ነው። በሲሊንደሮቹ ሥር የሚታሰሩትን ትንንሽ ላሜራዎችና በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት የሚዘጋውን ጎማ "ትርፍ ነው" ብለው ጥለዋቸው ነበር። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ቬንቲሌተሩ የሚነፋውን አየር ሲሊንደሩ ላይ የሚያዞሩት እነዚያው ላሜራዎች ናቸው። ጎማው ከሌለ ደግሞ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይሳባል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የ3ኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚሻማ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። አስለቅመን አስገጠምናቸው።

ቮላኖውም (ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከክራንክ ሻፍቱ፣ ጫፍ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) እንዲሁ ነው። ከኋላው የሚገቡት ሮንዴላዎች (ስስ የብረት ቀለበቶች) ሁልጊዜ 3 ናቸው፤ ውፍረታቸው የሚመረጠው ክራንክ ሻፍቱ ወደፊትና ወደኋላ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ብቻ እንዲንቀሳቀስ ነው። ያለ መለኪያ ከተገጠመ ሞተሩ ውስጡን ይበላል። ቮላኖውን የሚያስረው የ36 ቁጥሩ ትልቅ ዳዶ 30 ኪሎግራም ሜትር የማጥበቂያ ኃይል ይፈልጋል፤ ቁልፉን በቱቦ አስረዝሞ በግምት ማሰር ጋራዡ የለመደው ዘዴ ነው፣ አትፍቀዱ። የባልቦላው ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር 0.15 ሚሊሜትር፣ ዘይቱ 2.5 ሊትር። የተለመደውን 4 ሊትር ሊቀዱበት ሲሉ ደርሰናል!

ሻንጣ ውስጥ መያዝ ያለባቸው፦ ሙሉ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መሐል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግዱት ጎማዎች፣ እነዚያ ሮንዴላዎች፣ የበርና የመስታወት ጎማ፣ አዲስ የቤንዚን ጎማ (ቱቦ) ከነማሰሪያው። የቤንዚኑ ጎማ ደርቆ ሲሰነጠቅ የሚንጠባጠበው ትኩስ ሞተር ላይ ነው፣ ብዙ ቮልስ የነደደውም በዚህ ነው። ላሜራና ፓራፋንጎ መሸከም ግን ድካም ነው፣ እዚያው አለ።

የካርቡራተሩ ዣንግሎር (ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) የተመጠነው ለቆላ አየር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለው አዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ያነሰ ዣንግሎር ይግባለት።