ማርቆስ ልጆቼን ያስገባሁበት የክረምት ትምህርት፦ ሒሳቡ አሪፍ ነው፣ የአርቡ ነገር ግን...

ብዙ ሰው ስለ ክረምት ትምህርቱ በኢንቦክስ እየጠየቀኝ ስለሆነ እዚሁ ልፃፈው፣ የትምህርት ቤቱ ስም ይቅር። ደብረ ማርቆስ ሁለቱን ልጆቼን ክረምቱን ሙሉ አስገብቻቸው ነበር፣ ለሁለት ወር በልጅ 2,500 ብር። ሒሳብና እንግሊዝኛው ምንም አይወጣለትም፣ ማካፈል ሲባል ታለቅስ የነበረችው ትንሿ አሁን ለኔ ጥያቄ ታወጣልኛለች። ሽንት ቤቱ ውሃ የለውም፣ ዝናብ ሲመታ ቆርቆሮው እየጮኸ አስተማሪው አይሰማም፣ እሱን ተዉት።

ልፅፍ የተነሳሁት ስለ አርብ ከሰአቱ ነው። "እኩልነት" የሚሉት ክፍለ ጊዜ አላቸው፣ እኔ እንደውም በሱ ምክንያት ነው ያስመዘገብኳቸው። አንዳንድ ወላጅ ልጆቹ የማያውቁትን ንቀት ለምን እናሳውቃቸዋለን ይላል፣ ኧረ በናታችሁ! ልጄ አምስት አመት ሳይሞላት ነው ቡዳ የሚለውን ቃል ከጎረቤት ይዛ የመጣችው፣ እኛ ዝም ብንል ሰፈሩ ዝም አይልም።

የመጀመሪያዎቹን ሶስት አርቦች ጥቁር አሜሪካዊቷ ሮዛ ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1955 ሞንጎመሪ አውቶቢስ ላይ ወንበሬን ለነጭ አለቅም እንዳለች፣ ማንዴላ 27 አመት እንደታሰረ ተማሩ፣ ጥሩ ነው፣ ወንዱ ልጄ በቃሉ ይወጣዋል። ያው ልጅ ግን ክፍላቸው ውስጥ የቀጥቃጭ ልጅ እንዳለና ምሳ ሰአት አጠገቡ የሚቀመጥ እንደሌለ የነገረኝ ዛሬ ዘነበ እንደሚል ሰው ነው፣ አውቶቢሱና የነሱ ዴስክ አልተገናኙለትም።

ሄጄ አስተማሪዋን አናገርኳት፣ ወጣት ናት፣ "ጋሼ የኛን ካነሳሁ ወላጅ ይቆጣል" አለችኝ። እንዴ፣ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሰራውን ጠይብ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አውጀዋል፣ ህገ መንግስቱም አንቀጽ 25 ላይ ሰው በትውልዱ አይለይም ይላል፣ አንቺ ምን ያስፈራሻል አልኳት። ከልቧ ሰማችኝ። በሚቀጥለው አርብ አንዲት ሸክላ ሰሪ እናት ጋብዛ አመጣች፣ ወላጅም የፈለገ ይምጣ ተባለ።

ቆንጆ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሴትየዋ ጭቃው እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የተፈጨ ገል እንደሚገባበት፣ በለስላሳ ድንጋይ እንደሚታሽ፣ በኩበትና በጭራሮ እንደሚተኮስ እያሳየች የጀበናውን አንገት ስትስበው ልጆቹ ትንፋሽ አጡ። አስተማሪዋም ድሮ ገበሬው ርስቱን በዘር ቆጥሮ ሲወርስ እጀ ሰሪው መሬት ስላልነበረው በእጁ እንዳደረ፣ ንቀቱም ከዚያ ጋር እንደሚያያዝ ቀለል አርጋ ነገረቻቸው። ከኋላ አንዱ ልጅ "እማማ፣ ቡዳ ይሉዎታል?" ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ ጭጭ አለ። ሳቅ አለችና "ይሉኛል ልጄ፣ እንጀራውን ግን በኔው ምጣድ ነው የሚጋግሩት" አለች፣ ልጆቹ ፈነዱ።

ከዚያ ቡና ቀረበ። ለሁላችንም በሲኒ፣ ለሷ በሰማያዊ ፕላስቲክ ኩባያ። ሲኒ አንሶ እንዳትሉኝ ረከቦቱ ላይ ሁለት ሲኒ ተደፍቶ ነበር፣ ቆጥሬዋለሁ። ቡናው የተቀዳው ደግሞ ከሸክላ ጀበና ነው፣ ማን እንደሰራው እንጃ። ሴትየዋ ምንም ሳትል ጠጣች፣ እኔም ምንም ሳልል ጠጣሁ። ትንሿ ናት በጆሮዬ "አባ፣ የሷ ለምን ሲኒ አይደለም?" ያለችኝ፣ ቤት እነግርሻለሁ አልኳት፣ ቤት ስንደርስም ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ሰኞ ለኃላፊው ነገርኩት፣ ቡና ያፈላችው ልጅ ረስታ ይሆናል አለኝ፣ ይሁን። ትምህርቱ 5 ከ5፣ አስተማሪዋም 5፣ መስተንግዶው 1። ለከርሞ መልሼ አስመዘግባቸዋለሁ፣ ሸክላ ሰሪዋንም ድጋሚ ጥሯት ብያለሁ፣ ግን የአርቡን ወደ ጠዋት አምጡት፣ ከሰአት በዚያ ቆርቆሮ ስር ግማሹ አይሰማም።