የአልካሊኒቲ መለኪያ ኪት፦ አዲስ ኮራል ለምታስገቡ

አዲስ የጨው ውሃ አኳሪየም ካላችሁ ውድ መብራት ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ኪት ግዙ። የምሬን ነው። ድንጋያማ ኮራሎች አጽማቸውን የሚሠሩት ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየምና ካርቦኔት ስለሆነ፣ አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ሲዋዥቅ መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ አዲስ ገንዳ ደግሞ ገና አልተረጋጋም።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። በሲሪንጅ ትንሽ የገንዳ ውሃ ትቀዳላችሁ፣ ቀለም የሚሰጠውን ጠብታ ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ፈሳሽ ጠብ እያደረጋችሁ ብልቃጡን በደንብ እየነቀነቃችሁ ቀለሙ እስኪቀየር ትቀጥላላችሁ። እስከዚያ የጨመራችሁት መጠን አልካሊኒቲውን ይነግራችኋል። በቃ። ከ7 እስከ 11 ዲኬኤች (dKH፣ የአልካሊኒቲ መለኪያ አሃድ) ባለው መሃል ከሆናችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ከቁጥሩ ይልቅ መረጋጋቱን ተከታተሉ፤ 8 ላይ ጸንቶ የቆየ ውሃ ዛሬ 7 ነገ 10 ከሚለው በጣም ይሻላል። ዝቅ ካለም በአንድ ቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አትጨምሩ።

የማልወድለት ነገር የቀለም ለውጡ ነው። በአኳሪየሙ ሰማያዊ መብራት ሥር ፈጽሞ አይለይም፣ ነጭ ብርሃን ጋ ወስዳችሁ እዩት። ቀለሙን ራሱ የሚያነበው ዲጂታል መለኪያ ይህን ግምት ያስቀራል፤ ብልቃጡ ላይ የጣት አሻራ ካለ ግን እሱም ይሳሳታል። ፈሳሹ የአገልግሎት ጊዜው እንዳላለፈም እዩ።

ሌላው፣ ኪቱ በአዲስ ገንዳ የሚጠራቀሙትን መርዛማ ነገሮች፣ አሞኒያና ናይትራይትን፣ አያሳይም። ሁለቱም ዜሮ ሳይሆኑ ኮራል አታስገቡ፤ ጨዋማነቱም በሊትር ውሃ 35 ግራም አካባቢ መሆኑን በሪፍራክቶሜትር አረጋግጡ።