የአባቴን ያማሃ ለእናቴ እንዲመች ያሠራሁባቸው ባለሙያዎች

የምኖረው ጀርመን ነው። በ2017 ዓ.ም. ለገና በዓል አለም ገና ወደሚገኘው የቤተሰቤ ቤት መጥቼ በቆየሁባቸው አምስት ሳምንታት፣ አባቴ በግብርና ባለሙያነት ዘመኑ ሲሠራበት ኖሮ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያስወግደው የገዛውን ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ብስክሌት ሁለት ሰው እንዲይዝ፣ መልኩም እንዲታደስ አሠርቻለሁ። አሁን የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከኋላው የምትቀመጠው ደግሞ እናታችን ናት። ለዚሁ ሥራ አራት ባለሙያዎች ዘንድ ስለሄድኩ፣ አሮጌ ሞተር ለማሳደስ የሚያስብ ሰው ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ኤጂ 100 ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ታስቦ የተሠራ ሞተር ነው። 97 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ሲሆን፣ ሰንሰለቱ ጭቃና አቧራ እንዳይገባበት ሙሉ በሙሉ በሽፋን ተዘግቷል፤ በየትኛውም ተዳፋት ላይ እንዲቆም መቆሚያው በግራም በቀኝም አለው፤ ከፊትና ከኋላም ሰፋፊ የብረት ዕቃ መጫኛዎች አሉት። መቀመጫው ግን ለነጂው ብቻ ነው። ስለዚህ እናቴ ለዓመታት ከሰበታ ገበያ የተመለሰችው በመቀመጫ ላይ ሳይሆን፣ በኋላው የብረት መጫኛ ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ጋቢ ተነጥፎላት ነበር። ሁልጊዜም በጎን ትቀመጣለች፤ ቀሚስ ለብሳ እግሯን አንፈራጥጣ እንድትቀመጥ መጠየቅ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ጀምሮ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን በፈቃድ ስለገደበች ሞተሩን ይዤ ወደ መሀል ከተማ ለመግባት አልሞከርኩም። ሥራው ሁሉ የተሠራው ከአለም ገና እስከ ሰበታ ባለው የጅማ መንገድ ግራና ቀኝ ነው።

በመጀመሪያ የሄድኩት አባቴን በሥራ ዘመኑ ያውቁት ከነበሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ነበር። ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትተው አሳዩኝ፤ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። እዚህ አካባቢ ከፍታው ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ ከቀረ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ብዙ ቤንዚን ይጠጣል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። የቤንዚን ማሳለፊያዋን ባነሰች ቀየሯት። ከዚያም የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ውስጥ አውጥተው በእሳት አቃጥለው የተጋገረውን ካርቦን ጠረጉ፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ስለሚያቃጥል ማርሚታው ቀስ በቀስ ይደፈናል። በአንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። እርሳቸው ዘይቱን በራሱ ወደ ሞተሩ የሚልከው ፓምፕ ተነቅሎ ይጣል፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ታንከር ውስጥ ይቀላቀል ይላሉ፤ ፓምፑ ሳይታወቅ ቢያቆም ፒስተኑ ዘይት አጥቶ ይነክሳልና (ተጣብቆ ይቆማልና) ሥጋታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ወንድሜን ስለማውቀው፣ ከፓምፑ ይልቅ እርሱ ዘይት መቀላቀሉን የሚረሳበት ቀን እንደሚቀድም ገምቼ ፓምፑ ተፈትሾ እንዲቀመጥ ለመንኳቸው። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ ልጄ» ብለው ሠሩልኝ።

ከሁሉ ያረካኝ ሰበታ መግቢያ ላይ የመኪናና የባጃጅ ወንበር የሚያለብሰው ባለሙያ ነው። ስልኬ ላይ ያከማቸኋቸውን ፎቶግራፎች፣ የአጎቴ ልጅ የመረጣቸውን ጭራቸው የተቆረጠ፣ መቀመጫቸው የጠበበ ሞተሮች ላሳየው ስል፣ አስቀድሞ «ከኋላ የሚቀመጠው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በማግስቱ እናቴን ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ። የኋላው መጫኛ ሳይቆረጥ በቡሎኖቹ ተፈቶ ወረደ፤ በምትኩ ከላሜራ የተሠራ ወለል ገባ። በላዩ ላይ ከታች ጠንካራውን የተጨመቀ ስፖንጅ፣ ከላይ ሦስት ጣት የሚሆን ለስላሳውን ደረበ። ለስላሳው ብቻውን ቢሆን በወር ውስጥ ተደፍጥጦ ብረቱን እንደሚያስነካ፣ ጠንካራውም ብቻውን ቢሆን ከጋቢው እንደማይሻል ነገረኝ። ቆዳው ሳይለብስ በፊት «እማማ፣ እንደ ልማድዎ ይቀመጡ» ብሎ እናቴን ሩብ ሰዓት ያህል አስቀመጣት፤ ስትነሣ ስፖንጁ የጎደጎደበትን ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረ። የነጂው ቦታ በሁለት ጣት ዝቅ እንዲል፣ የእርሷ ደግሞ ወደ ኋላ ትንሽ እንዲያዘነብል ያደረገው ወንድሜ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት እንዳትንሸራተት ነው። ልብሱ ጥቁር ቡናማ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው፤ ስፌቱም ውኃ እንዳያስገባ በጎን በኩል ወርዷል። 6,500 ብር ከፍያለሁ፤ ቢጨምርብኝም አልከራከረውም ነበር።

በያጁ ወጣት ነው፤ እጁ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ካልተቆጣጠሩት ይቸኩላል። ሥራው የእግር ማሳረፊያና መያዣ መሥራት ነበር። ህንድ አገር የሞተር ብስክሌት ሕጉ ለኋላ ተቀማጭ መያዣ፣ የእግር ማሳረፊያና የተቀማጩን ልብስ ጎማው እንዳይስበው የኋላውን ጎማ ቢያንስ እስከ ግማሽ የሚሸፍን መከላከያ እንዲኖር ያዝዛል። ከዚያ የመጣ ሞተር መንገድ ዳር ቆሞ ስላገኘን ባለቤቱን አስፈቅደን ለካን። እናቴ በግራ በኩል ስለምትቀመጥ፣ ሁለቱ እግሮቿ ጎን ለጎን የሚያርፉበት አጭር ጠፍጣፋ ብረት በግራ ብቻ ተበየደ። የነጠላዋ ጫፍ እንዳይጠመጠም መከላከያው መደረጉን ሳታይ አልወጣም ብላ ነበር።

ቅሬታ ያለኝ በቀለም ቀቢው ላይ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ያለው አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ይህ እንኳ በበዓል ሰሞን ይታለፋል። ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ የቀባው ሰማያዊ ቀለም ሲታይ ያማረ ነበር፤ ከቀለም ጋር የሚቀላቀለው ማጠንከሪያ ስላልገባበት ግን ወንድሜ ቤንዚን ሲሞላ የፈሰሰው ጠብታ ከታንከሩ ክዳን ሥር ቀለሙን አሟሟው። በማደያ በተሞላ በሁለተኛው ቀን አፉ ዙሪያ እንደ ተላጠ ድንች ሆነ። ማጠንከሪያ ገዝቼ ልስጥ ብዬ ነበር፤ «አያስፈልግም» ሲለኝ ዝም ያልኩት እኔው ነኝና ጥፋቱን ከእርሱ ጋር እካፈላለሁ። እኔ ከመሄዴ በፊት ታንከሩ ሌላ ቦታ በድጋሚ ተቀብቷል።

የአጎቴ ልጅ የፊቱ መጫኛ እንዲወርድ እስከ መጨረሻው ተከራክሯል፤ መልኩን ያከብደዋል ባይ ነው። እኔ ግን ኤጂን ኤጂ የሚያሰኘው እርሱ ስለሆነ፣ የእናቴም ዘንቢል የሚቀመጠው እዚያው ስለሆነ አስቀርቼዋለሁ። ጀርመን ውስጥ የአንድ ሰው መቀመጫን የሁለት ያደረገ ሰው በመርማሪ አስፈትሾ በሰነዱ ላይ ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ እዚህም ወንድሜ ሊብሬውን ይዞ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ እንዲሄድ አደራ ብዬዋለሁ።

በመጨረሻው እሑድ ሁለቱም የራስ ቁር አድርገው፣ በኮብልስቶኑ ላይ ቀስ እያሉ ወደ ሰበታ ጌቴሴማኒ ገዳም ሄደው ተመለሱ። እናቴ መያዣው አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ቢሆን ክንዷ እንደማይዝል ነገረችኝ። ወንበር አልባሹም ስፖንጁ አንድ ወር ከተቀመጡበት በኋላ ትንሽ ዝቅ ስለሚል አምጡትና ያለ ክፍያ እደርብበታለሁ ብሏል፤ ወንድሜ የመያዣውን ነገር የዚያን ዕለት ከበያጁ ጋር ይጨርሰዋል።