የመንግሥቱ ወይስ የግሉ? ገጠር ቤት ለምትገዙ ስለ ጎርፍ ኢንሹራንስ

ይህን የምጽፈው ስልክ ማንሳት ስለሰለቸኝ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የቤት ዋጋ አልቀመስ ካለ ወዲህ የኛ ሰው ወደ ቨርጂኒያና ዌስት ቨርጂኒያ ገጠር ካውንቲዎች እየወጣ ነው። ሰፊ ግቢ፣ ዛፍ፣ ከጓሮ በኩል ትንሽ ወንዝ። ከዚያ ባንኩ "የጎርፍ ኢንሹራንስ አምጣ" ይላል፤ ሰውየውም ወደ እኔ ይደውላል። ለምን እኔ? ቀድሜ የተቃጠልኩት እኔ ስለሆንኩ ነዋ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የምትኖሩበት ቤት ከሆነና ቤቱን እንደገና ለመሥራት ከ250,000 ዶላር (የመንግሥቱ ሽፋን ጣሪያ ነው) ብዙም የማይበልጥ ከሆነ የመንግሥቱን ግዙ። ኤንኤፍአይፒ የሚባለውን ማለቴ ነው፤ ከ1968 ጀምሮ ያለ፣ ፌማ የተባለው የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው። የግሉ ርካሽ ሆኖ ይመጣል። የኔም ርካሽ ነበር።

ቤቱን ስገዛ ሻጩ የመንግሥቱ ውል ነበረው፤ በዓመት 610 ዶላር። ኤጀንቱ "ለምን የግሉን አትይዝም? 540 ነው" አለኝ። 70 ዶላር ተረፈኝ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ግን ነበር፦ የመንግሥቱ ውል ከሻጭ ወደ ገዢ ይተላለፋል። ፌማ የዋጋ አወጣጡን ከ2021 ጥቅምት ጀምሮ ቀይሯል። የድሮ ውል የያዙ ሰዎች ወደ አዲሱ ሙሉ ዋጋ የሚሄዱት ቀስ እያሉ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ጭማሪው በአብዛኛው በዓመት ከ18 በመቶ እንዳያልፍ ሕግ ይይዘዋል። ያንን ውል ብረከበው ኖሮ ቅናሹም አብሮ ይመጣልኝ ነበር።

ሂሳቡን አስሬ ሠርቼዋለሁ፤ ባለቤቴ "ተወው አሁን" እስክትለኝ ድረስ። የሻጩን ውል ብይዝና በየዓመቱ 18 በመቶ ቢጨምር፣ ክፍያው 610፣ ቀጥሎ 720፣ ቀጥሎ 849 ይሆን ነበር። በሦስት ዓመት 2,179 ዶላር። የግሉ 540 ብሎ ጀመረ፣ በሁለተኛው ዓመት 760፣ በሦስተኛው 1,050። ድምሩ 2,350። ያቺ 70 ዶላር 171 ዶላር አስከፈለችኝ ማለት ነው።

ይሄ ገና መግቢያው ነው። በሁለተኛው ዓመት ጸደይ ላይ ሌሊቱን ዘንቦ ወንዙ ጓሮውን አልፎ ቤዝመንት ገባ። ማሞቂያው፣ የውሃ ቦይለሩና የመብራት መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ተበላሹ። ጥገናው 8,400 ዶላር። ደወልኩ። "ዲዳክቲብልህ 10,000 ነው" አሉኝ። ለካ ርካሽ የሆነው በዚህ ነበር! ከኪሴ የምከፍለው መነሻ ከጉዳቱ በላይ ስለነበር አንድ ሳንቲም አላገኘሁም። የመንግሥቱ ውል በ2,000 ዲዳክቲብል ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሦስቱን ቤዝመንት ውስጥ ቢሆኑም ይሸፍናቸዋል። ወደ 6,400 ዶላር ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ ዲዳክቲብሉን እኩል አድርጋችሁ አወዳድሩ፤ ካልሆነ የምታወዳድሩት ሌላ ነገር ነው።

በሦስተኛው ዓመት ማብቂያ ደብዳቤ መጣ። ኩባንያው በካውንቲያችን መሥራት ስላቆመ ውሉን አያድስም። በቃ። የግሎቹ ይህን ማድረግ ይችላሉ፤ አንድ መጥፎ ዓመት ካለፈባቸው ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ። ብዙዎቹ ደግሞ "ሰርፕለስ ላይንስ" በሚባለው፣ የስቴቱ መደበኛ ፈቃድ የሌላቸው ኩባንያዎች በሚሸጡበት መንገድ የሚሸጡ ናቸው። ቢከስሩ የስቴቱ የዋስትና ፈንድ አይከፍልላችሁም። ወደ መንግሥቱ ስመለስ ቅናሹ የለም፤ በግሉ የቆየሁበት ጊዜ እንደ ተከታታይ ሽፋን አይቆጠርም። ሙሉ ዋጋ፦ 1,780 ዶላር። ውሉን ብይዘው ኖሮ በዚያ ዓመት የምከፍለው ወደ 1,002 ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ስለ ዋጋ። የመንግሥቱን ብዙ የታወቁ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በስማቸው ይሸጡታል፤ ለአንድ ዓይነት ሽፋን ግን ዋጋው የትም ያው ነው። አምስት ቦታ መደወል ትርፉ ድካም ነው። ዋጋ ማፈላለግ የሚጠቅመው ለግሉ ብቻ ነው።

ደግሞ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ አለ። አንድ ጓደኛዬ "እኔማ የውሃ ኢንሹራንስ አለኝ፤ በዓመት 60 ዶላር ብቻ" ብሎ ሲመጻደቅብኝ ከረመ። ወረቀቱን አብረን ስናየው የፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ ሲመለስ ወይም የቤዝመንት ፓምፕ ሲቆም የሚከፍል ተጨማሪ አንቀጽ ነው። ወንዝ ሞልቶ በበር ሲገባ አይከፍልም። ተራው የቤት ኢንሹራንስም እንዲሁ ጎርፍን አይሸፍንም። አንቀጹ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ጎርፍ ግን አይደለም።

አሁን የመንግሥቱን እንከን ልናገር፤ ያለዚያ ኤጀንት ነው ትሉኛላችሁ። ገጠር ለሚኖር ሰው ትልቁ ቀዳዳ ከቤቱ ውጪ ያለው ነገር ነው። የውሃ ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ አይሸፈኑም። እነዚህ ደግሞ ገጠር ውስጥ ቀድመው የሚበላሹት ናቸው። አጥር፣ የእንጨት በረንዳ፣ ሰብል፣ ከብት፣ አንዱም የለበትም። ቤዝመንቱን አሳምራችሁ ሳሎን ካደረጋችሁት፣ ምንጣፉና ሶፋው የራሳችሁ ዕዳ ነው። ሆቴል አይከፍልም። ለዕቃ የሚከፍለው በአሮጌ ዋጋ ነው፤ አምስት ዓመት የተቀመጣችሁበት ሶፋ ስንት ያወጣል? የዕቃ ሽፋኑም ለብቻው የሚገዛ ነው፣ ጣሪያው 100,000። ባንኩ የሚጠይቃችሁ የሕንፃውን ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ዕቃውን ይረሳል።

የጥበቃ ጊዜውም አለ። ከገዛችሁ 30 ቀን ካላለፈ አይሠራም፤ ለቤት ግዢ ብድር ሲሆን ግን ይቀራል። ዜና ላይ ማዕበል አይቶ መግዛት አይቻልም። ኮንግረስ በጊዜው ካላደሰው ደግሞ አዲስ ውል መሸጥ ይቆማል፤ በ2025 መንግሥት በተዘጋ ጊዜ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር እንዲህ ሆኖ ቤት ሊገዙ የነበሩ ሰዎች ተጉላልተዋል።

ስለዚህ የግሉ የሚያዋጣው ማን ነው? ቤቱን መልሶ ለመሥራት 400,000 ወይም 500,000 የሚያስፈልገው። ቤዝመንቱን የሚያከራይ። ወይም ቤቱ ሁለተኛ ቤቱ የሆነ፤ የመንግሥቱ ለሁለተኛ ቤት 250 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ያስከፍላል፣ ለሚኖሩበት ግን 25 ብቻ። እኔ ብሆን ለትልቅ ቤትም የመንግሥቱን እስከ 250,000 ገዝቼ ከላይ ያለውን "ኤክሰስ" በሚባለው የግል ውል እደርብበት ነበር። የግሉ ጥሎ ቢሄድ እንኳ መሠረቱ በእጄ ይቀራል።

"እኛ ጋ በጎርፍ ካርታው ላይ ዞን ኤክስ (የጎርፍ ስጋቱ ዝቅተኛ የተባለ ቦታ) ነው፣ አያስፈልግም" የሚሉም አሉ። ባንክ አይጠይቃችሁም እንጂ ውሃው ካርታ አያነብም። በገጠር ካውንቲ ብዙ ትንንሽ ጅረቶች ካርታው ላይ ጭራሽ አልተጠኑም። በ2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ የሰሜን ካሮላይናን ተራሮች ሲመታ ከተጎዱት ብዙዎቹ የጎርፍ ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። "የመቶ ዓመት ጎርፍ" የሚባለውም በመቶ ዓመት አንዴ ማለት አይደለም። በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል ማለት ነው፤ በ30 ዓመት ሞርጌጅ ላይ ሲሰላ ወደ 26 በመቶ ይደርሳል። "ፌማ ይረዳናል" ለሚሉም፦ በ2025 የበጀት ዓመት ለቤት የሚሰጠው ጣሪያ 43,600 ዶላር ነበር፤ ያውም ፕሬዚዳንቱ አደጋውን ካወጁ ብቻ። ብዙ ሰው የሚደርሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ልትገዙ ከሆነ ክሎዚንግ (ፈርማችሁ ቤቱን የምትረከቡበት ቀን) ሳይደርስ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት፦ "የመንግሥቱ ጎርፍ ውል አለህ? ቁጥሩን ስጠኝ።" ካለው ኤጀንቱን ወደ ስማችሁ እንዲያዛውረው ንገሩት። "የግሉ ይቀንሳል" ካላችሁ፣ በስንት ዲዳክቲብል እንደሆነ በጽሑፍ ይላክላችሁ።