መጽሐፋችን ኢስቶኒያኛ የሆነበት ሶፍትዌር

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤታችን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አስገጠመ። ያለነው አገው ምድር፣ ኮሶበር ነው። ሰርቨሩ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ሦስት ሰዓት ያህል ያቆየናል። ለፍጥነቱም ለባትሪውም ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ፋይል ሲመዘገብ «ቋንቋ» ብላ ስለምትጠይቅ አንዲት ሳጥን ነው።

የገጠመልን ልጅ ትጉህ ነው፤ ስሙንም ድርጅቱንም አላነሣም። የአማርኛ መጻሕፍቱን በሙሉ «ኢ-ቲ» ብሎ ሞላቸው። ኢ-ቲ የኢትዮጵያ የአገር ኮድ ነው፤ በቋንቋዎቹ ዝርዝር ግን የኢስቶኒያኛ ነው። የሦስተኛ ክፍል አማርኛ መጽሐፋችን በማግስቱ ኢስቶኒያኛ ሆኖ ተገኘ።

«መምህርት፣ እርስዎ ደግሞ! ኢትዮጵያ ማለት አይደል?» አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ኢትዮጵያ በስንት ቋንቋ ነው የምትናገረው?» አልሁት።

ሳቀና ወደ «ኤ-ኤም» ለወጠው፤ የአማርኛ ኮድ እሱ ነው። (በአገር ኮድ ግን ኤ-ኤም አርሜኒያ ነው፤ ሁለቱን ዝርዝር የሚያምታታ ሰው ከአንዱ ሲያመልጥ በሌላው ይያዛል።)

ጭንቁ የመጣው በአውኚ ነው። እኛ ዘንድ ልጆች የሚማሩበት ቋንቋ ስለሆነ የአውኚ ፋይል ሞልቶናል። ሶፍትዌሩ ግን የሚያውቀው አይኤስኦ 639-1 የሚባለውን፣ በሁለት ፊደል የሚጻፈውን ዓለም አቀፍ የቋንቋ ኮዶች ዝርዝር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ ዝርዝር ያሉት ቋንቋዎች ሁለት መቶ አይሞሉም። አውኚ የለበትም፤ ግእዝም የለበትም። ልጁ «ሌላ» የሚል ምርጫ አገኘና የልጆቻችንን ቋንቋ እዚያ ከተተው። አንድ ተማሪ አውኚ ብሎ ሲፈልግ ባዶ ገጽ ይመጣለት ነበር። በአገው ምድር ተቀምጦ አውኚን «ሌላ» ማለት ምን ይባላል?

መፍትሔው እኮ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። ኤስአይኤል የተባለው የቋንቋ ጥናት ድርጅት የሚያስተዳድረው አይኤስኦ 639-3 ከሰባት ሺህ በላይ ቋንቋዎችን በሦስት ፊደል ይዟል፤ ዝርዝሩም በነጻ ይወርዳል። አውኚ «ኤ-ደብልዩ-ኤን»፣ ግእዝ «ጂ-ኢ-ዜድ» ናቸው። ሁለት ፊደል ያለው ቋንቋ በሁለቱ፣ የሌለው በሦስቱ ይጻፋል፤ በኢንተርኔት የተለመደው ደንብ ይኸው ነው። ዝርዝሩን በፍላሽ አምጥቼ ሰጠሁትና በአንድ ከሰዓት አስገባው። ስያሜውን ግን «አገውኛ» ብሎት ነበርና አስቀየርሁት፤ ኽምጣንጋም፣ ቅማንትኛም አገውኛ ናቸው፤ ለየራሳቸውም ኮድ አላቸው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሳጥኗ አንድ ብቻ መሆኗ ነው። ከዋሸራ ወገን የተቀዳ ቅኔ አለን፤ ቅኔው ግእዝ፣ ትርጓሜው አማርኛ። የትኛውን ልሙላ? ሎም በሚባለው የትምህርት ቁሳቁስ መመዝገቢያ ስልት የቁሱ ቋንቋ፣ የተጠቃሚው ቋንቋና መዝገቡ የተጻፈበት ቋንቋ ለየብቻ ይሞላሉ፤ ቁሱ ሁለት ቋንቋ ቢኖረውም ሁለቱን መያዝ ይቻላል። የፈረሰኞቻችን ፎቶ ደግሞ ምንም ቋንቋ የለበትም፤ ሎም ለእንዲህ ያለው «የለውም» የሚል ምርጫ አለው። የእኛው ሶፍትዌር ቋንቋ ካልተመረጠ አያስቀምጥም፤ ፎቶዎቹ ሳይወዱ በግድ አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል።

የትምህርት ዓይነት የሚሞላበት ቦታ ደግሞ ምርጫ የለውም፤ ሁሉም እንደ ፈቀደ ይጽፋል። አንዱ «ሂሳብ»፣ አንዱ «ሒሳብ»፣ የኔታ ዘንድ የቆየው «ሐሳብ እንዳትሉት!» እያለ «ሕሳብ» ጻፈ። ሶፍትዌሩ ሦስቱንም እንደየራሳቸው ትምህርት ቆጠራቸው። እኔና ጓደኛዬ ሁለት ቅዳሜ ቁጭ ብለን የተወሰነ ዝርዝር አዘጋጀን፤ ለቁሱ ዓይነትም እንዲሁ፣ «የተማሪ መጽሐፍ»፣ «የመምህሩ መምሪያ»፣ «መልመጃ»፣ «ፈተና» እያልን። ደረጃው የሚሞላበት ሳጥን «ትምህርት ቤት፣ ከፍተኛ ትምህርት፣ ሥልጠና፣ ሌላ» ብቻ ነው የሚለው፤ የአንደኛና የስምንተኛ ክፍሉ አንድ ላይ ይወድቃል። ለጊዜው በዕድሜ እየለየን ነው።

ከአምስት ሦስት እሰጠዋለሁ። የምትገዙ ካላችሁ ገንዘቡን ሳትቆጥሩ «እስቲ አውኚን አውጣልኝ» በሉት። የአውኚ መጻሕፍቱ አሁን ሲፈለጉ ይወጣሉ። ቅኔው ግን እስከ ዛሬ ግእዝ ብቻ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ልጁ «ሁለተኛዋን ሳጥን ለጥምቀት አደርስልዎታለሁ» ብሎኝ ነበር፤ ጥምቀቱ አለፈ፤ የኮሶበር ዝናብም ሊጀምር ነው።