የተያዘ ክፍያችንን ላስለቀቁልን የኮንትራት ባለሙያ፤ ምስጋናና ጥቆማ

የሠራንበት ገንዘብ ተለቆልናል። ይህ የሆነው በአንዲት የኮንትራት ባለሙያ ብርታት ስለሆነ በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ እኔም አከብርላቸዋለሁ። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሥራ ተቋራጮች ነን። አንድ ሕንፃ ልንሠራ ውል ገባን። መሠረቱ ሲቆፈር አፈሩ በዲዛይኑ ከተገመተው በላይ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ሳይት መጥቶ ጥልቀቱ እንዲጨምር በቃል አዘዘ። ቆፈርን፣ ኮንክሪት ሞላን፣ ሥራው ቀጠለ። ክፍያ ስንጠይቅ አሠሪው “ይሄን ማን አዘዛችሁ? ወረቀቱ የታለ?” አለን። የተጨማሪው ሥራ ሒሳብ ብቻ ቢያዝ ባልከፋ። በእሱ ሰበብ ምንም ጭቅጭቅ የሌለበት ክፍያም አብሮ ቆመ። ብረት አቅራቢው ይደውላል፣ ሠራተኛው ደመወዙን ይጠይቃል። በዚህ ሙያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንቅልፍ የለም።

ብዙ ሰው “ሠራተኛህን ይዘህ ውጣ፤ ሲቸግረው ይከፍላል” ብሎ መከረኝ። ባለሙያዋ መጀመሪያ ያስቆሙን ይህንን ነው። ውላችን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ ላይ ነው፤ ይህም ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) ያዘጋጀው መደበኛ የግንባታ ውል ነው። በዚያ ውል ተቋራጩ ክፍያ ሲዘገይበት ሥራ ማቆም ይችላል፤ ነገር ግን ቢያንስ ከ21 ቀን በፊት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ሳያስታውቅ ሳይት ጥሎ ከወጣ ገንዘብ ጠያቂ መሆኑ ይቀርና ውል አፍራሽ ተብሎ ራሱ ይጠየቃል። “መብታችሁን በገዛ እጃችሁ አታበላሹ” አሉን።

ከዚያ ፋይላችንን ተረከቡ። ደብዳቤዎቹን፣ የሳይት መዝገቡን፣ የልኬት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበቡ። የሳይት መሐንዲሳችን ትእዛዙ በተሰጠ ማግስት የጻፋትን አጭር ደብዳቤ ያገኟት እዚያ ውስጥ ነው። በቃል በታዘዝነው መሠረት ጥልቀቱን እየጨመርን መሆኑን ትገልጻለች። ተቆጣጣሪው ፈርሞ ተቀብሏታል፤ መልስ ግን አልሰጠም። በውሉ መሠረት ይህች ወረቀት ትልቅ ዋጋ አላት። ተቋራጩ የቃል ትእዛዝን በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱም ማረጋገጫው በደረሰው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ፣ ያ ማረጋገጫ ራሱ የጽሑፍ ትእዛዝ ሆኖ ይቆጠራል። “ማን አዘዛችሁ” የሚለው ጥያቄ በዚሁ ተዘጋ። የሳይት መሐንዲሳችንም ምስጋና ይገባዋል፤ ያቺን ደብዳቤ ጻፍ ያለው ማንም አልነበረም።

የቀረው የልኬትና የመተማመን ጉዳይ ነበር። እሳቸው ሁለታችንንም አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡን። ያልተጨቃጨቅንበት ክፍያ አሁኑኑ እንዲለቀቅ፣ የተጨቃጨቅንበትን ደግሞ አብረን እንድንለካ ሐሳብ አቀረቡ። በውሉ መሠረት ክፍያው ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄውን ከተቀበለ በኋላ በ56 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ካለፈ ለዘገየው ገንዘብ ወለድ ይታሰባል። ይህንን ለአሠሪው ያስረዱት ሳያስፈራሩ፣ በተረጋጋ አነጋገር ነው።

አሠሪውም የልቡን ተናገረ። ከዚህ በፊት ሌላ ተቋራጭ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ለዕቃ አቅራቢዎች ሳይከፍል ቀርቶ አቅራቢዎቹ እሱ ላይ መጥተውበታል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። አንዳንድ አገሮች ላይ ያልተከፈለው አቅራቢ ወይም ንዑስ ተቋራጭ ሕንፃውን ራሱን በዕዳ ማስያዝ ይችላል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ሕግ በሜሪላንድ ግዛት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1791 ነው፤ የቆየ ጣጣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ጋር አቅራቢዎቻችንና ንዑስ ተቋራጮቻችን የፈረሙበትን የክፍያ ማረጋገጫ እንድናያይዝ ተስማማን። እኛ ምንም አልከበደንም። እሱ ግን ፊቱ ሲፈታ አየሁ።

ልኬቱ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ባለሙያዋን የቀጠርናቸው እኛ ነን። ሆኖም ከጉድጓዱ ወሰን ውጪ የፈሰሰውን ኮንክሪት “ይሄ አይቆጠርም” ብለው ከሒሳባችን የቀነሱት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ አሠሪው በቀረው ቁጥር ላይ አልተከራከረም። ያመናቸው በዚህ ይመስለኛል።

ለሥራ ተቋራጭ ብቻ አይደለም የምጠቁማቸው። ቤት ወይም ሕንፃ ልታሠሩ ያሰባችሁ ባለንብረቶችም ውል ከመፈረማችሁ በፊት ብታማክሯቸው ትጠቀማላችሁ። ቅድመ ክፍያው በምን ዋስትና እንደሚሰጥ፣ ከተቋራጩ ክፍያ ላይ እየተቀነሰ የሚቆየው መያዣ ገንዘብ መቼ እንደሚለቀቅ፣ የሥራ ለውጥ ማን ፈርሞ እንደሚያዝ ከወዲሁ ያስተካክሉላችኋል። ጠበቃ አይደሉም። ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ወይም ለግልግል ዳኝነት የሚደርስ ከሆነ በግልጽ ነግረው ወደ ጠበቃ ይመሯችኋል። ዋጋቸውን ከመጀመሪያው ይናገራሉ፤ ከሚገኘው ገንዘብ ላይ ድርሻ አይጠይቁም።

ስትሄዱ ውሉን ከነአባሪዎቹ፣ ሥዕሎቹን፣ የተጻጻፋችሁትን ደብዳቤ ሁሉ፣ የሳይት መዝገቡንና የክፍያ ምስክር ወረቀቶቹን ይዛችሁ ሂዱ። አይጠቅምም ብላችሁ የለያችሁት ወረቀት ካለም ጨምሩት፤ እሳቸው ያዩታል።